ጤዛው እስኪረግፍ

ቡርግል ያንን ተዳፋት በዚያ ሳምንት ስትዞረው ለአራተኛ ጊዜዋ ነበር። በግራ ክንዷ ጭራሮ ታቅፋለች፤ በየጭራሮው ጫፍ ቀይ ጨርቅ አስራለች። ሣሩን በእግሯ ገለጥ ገለጥ እያደረገች ትሄድና ድንጋይ ወይም የፍልፈል ጉድጓድ ስታገኝ አንዱን ጭራሮ ትተክላለች። ባሏ ካስያን ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ያያታል። ግራ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቷል፤ ምርኩዙ ከጎኑ ተጋድሟል። ላየው ሰው በሚስቱ ትጋት የሚኮራ የስልሳ አራት ዓመት ገበሬ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። እያንዳንዷ ጭራሮ መሬት ስትገባ እሱ ሆድ ውስጥ የምትገባ ይመስለዋል።

ስልኩ ጮኸ። ማን እንደሆነ ሳያይ አውቋል። ከሸለቆው ማዶ፣ ልክ ከነሱ ቤት ትይዩ፣ ኦቲሊያ የምትባል የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ትኖራለች። የካስያን የክርስትና እናት ናት። በሂንተርባህ ሸለቆ ማንም ሰው ገደላማ ሜዳ ላይ ማጨጃ ሲያሽከረክር ከማዶ የሚያየው ሰው መኖር አለበት፤ የቆየ ወግ ነው። የነካስያንን፣ የኤገር ቤትን፣ ሜዳ የምታየው ኦቲሊያ ናት። መስኮቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽሯ ሌትም ቀንም አይታጣም። አምና ካስያን ከነትራክተሩ ሲንከባለል አይታ የእሳት አደጋ ሰዎቹን የጠራችውም እሷ ናት።

«ሚስትህ ምን ጠፍቶባት ነው?» አለችው ያለ ሰላምታ። «ቀለበቷን ጥላ ከሆነ ንገረኝና እኔም በመነጽሬ ልፈልግ።»

«ጉድጓድ እየፈለገች ነው፣ ክርስትና እናቴ።»

«አገኘች?»

«እስካሁን አራት።»

«ያንተን ማለቴ ነው እንጂ። ያንን አንተን የጣለህን።»

ካስያን ወደ ሜዳው አየ። ኦቲሊያም ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወሬውን ወደ ዶሮዎቿ አዞረችው። መጣል አቁመዋል፣ እንቁላል ከሱቅ ገዝታ መብላት ከጀመረች ደግሞ ዶሮዎቹን ምን ዓይን ይዛ እንደምታያቸው አታውቅም። ካስያን አዎ አዎ እያለ ሰማት።

ያ ሜዳ ስሙ «ግድግዳው» ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አላጋነነም፤ ከታች ሆኖ ጫፉን ለማየት ቀና ያለ ሰው ኮፍያው ይወድቃል። ካስያን እዚያ ቤት ተወልዶ እዚያው ነው ያረጀው። በኦስትሪያ የቲሮል ተራሮች ሰው ከቤተሰቡ ስም ይልቅ በቤቱ ስም ይታወቃል፤ እሱም ለመንደሩ «ኤገሩ» ነው፣ አባቱም ኤገሩ ነበሩ። እኚህ አባት ድርቆሽ ወቅት ሲደርስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የልጆቻቸውን መኝታ ቤት በር በማጭድ እጀታ ይደበድቡ ነበር። በሁለት እጅ የሚወዛወዘው ረጅሙ ማጭድ የሚወደው ሰዓት ያ ነው። ጤዛ ያዘለ ሣር ከብዶ፣ ለስልሶ፣ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ስለቱ ሲነካው እሺ ብሎ ይተኛል። ፀሐይ ካገኘው በኋላ ግን እንደ ሽቦ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ስለቱን ያሳልፍና ተመልሶ ይቆማል። ስለዚህ ሸለቆው በሙሉ በጤዛ ያጭድ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሜዳ መሐል የምታገኘው አጫጅ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆኖ ይከርማል።

ካስያን በሃያ አራት ዓመቱ የሸለቆው አንደኛ አጫጅ ነበር ይባላል። ይህንን እሱ ራሱ አይናገርም፤ ሌላው ሲናገር ግን አያቋርጥም። ቡርግል ከጎረቤት ሸለቆ ለድርቆሽ ሥራ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ኖትቡርጋ ነው የክርስትና ስሟ፣ ማንም ግን ቡርግል እንጂ ኖትቡርጋ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ከጫማዋ ሥር ባለ እሾህ ብረት አስራ ከሱ ኋላ ኋላ የታጨደውን ትበትናለች። እሱ ዞር እያለ ሲያያት መስመሩ ጠመመ። «ያንተን መስመር ተከትዬ ብሄድ ወንዝ ውስጥ ነው የምገባው» አለችው፣ አሥራ አንድ አጫጅ እየሰማ። በተከታዩ ዓመት መስከረም ላይ ተጋቡ። ያጋባቸው ቄስ ይህንን ንግግር ሰምተው ኖሮ በስብከታቸው መሐል ደገሙት፤ ቡርግል እስከ ጆሮዋ ቀላች፣ ካስያን ግን ሳቀ።

ከዚያ አጫጆቹ አንድ በአንድ አረጁ፣ ልጆቻቸው ወደ ፋብሪካና ወደ ሆቴል ሄዱ። መጀመሪያ እየገፉ የሚሄዷት ባለ ሞተር ማጨጃ መጣች፤ ከዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ትንሿ ትራክተር። ዝቅ ያለች ናት፣ ሰፊ፣ አራት እኩል ጎማ ያላት፣ ማጨጃዋ ከፊቷ የተገጠመላት። ቡርግል ገና ከመኪና ላይ ስትወርድ አይታ «እንቁራሪት» አለቻት፤ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ። እንቁራሪቷ አምስት አጫጅ በሦስት ቀን የሚሠራውን በግማሽ ቀን ትጨርሳለች። ካስያን ሁሉን ነገር ለወጠ፤ ሰዓቱን ግን አልለወጠም። ማጭድ ባይይዝም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኑ ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩ ይነሳል። አባቱ በሩን የሚደበድቡ ያህል።

አሥራ ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከታችኛው ለጥ ካለው ሜዳ ነበር የሚጀምረው። ግድግዳው ላይ ሲደርስ ሦስት አራት ሰዓት ይሆናል፣ ሣሩ ደርቋል፣ ጎማው ይነክሳል። አምና ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል ስለተባለ ከግድግዳው ጀመረ። በሁለተኛው መስመር ላይ ጎማዎቹ ጎማ መሆናቸውን ተዉ። እንቁራሪቷ በጎኗ መንሸራተት ጀመረች፤ እሱ ፍሬን ረገጠ፣ ያኔ ጭራሽ እንደ በረዶ ላይ ተንሸራታች ሆነች። ከዚያ ሰማይ ከታች፣ ሣር ከላይ። ቀበቶውና ከራሱ በላይ ያለው የብረት ቅስት አተረፉት፤ ጭኑ ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ቡርግል ሆስፒታል ስትደርስ የእሳት አደጋው አዛዥና ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆመው ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» አለችው እጁን ይዛ።

«ጉድጓድ» አላት። «ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።»

ፊቷ ሲለወጥ አይቷል። የማደንዘዣው ነገር ስለነበር ግን ምን እንዳየ አልገባውም። የገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲቆጥር። በኤገር ቤት ከማጨድ በፊት ሜዳውን መዞርና ጉድጓዱን ምልክት ማድረግ የቡርግል ሥራ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የሷ ሥራ ነው። አንድም ጊዜ ጉድጓድ አምልጧት አያውቅም። አምናም አላመለጣትም። ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረማ።

ያኔ ሊነግራት ይችል ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ላይ እግሩ አመረቀዘ፣ በሌላው ነገ ልጃቸው ከከተማ መጣች፣ ከዚያ ገና ሆነ። መሸታ ቤት ሲሄድ ወንዶቹ ነገሩን «የቡርግል ጉድጓድ» ብለው ስም አውጥተውለት አገኘ። ወንዱ ሁሉ ሚስቱን ሲያስፈራራ «አንቺም እንደ ቡርግል እንዳታደርጊኝ» ይላል። ካስያን ሰማ፤ ቢራውን ጠጥቶ ወጣ።

ዘንድሮ ልጃቸው ግድግዳው ላይ ጥድ ትከሉበትና እረፉ ብላ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። የግድግዳው ድርቆሽ ከሌለ ከስድስቱ ላሞች ሁለቱ ክረምቱን አይሻገሩም። ያልታጨደ ረጅም ሣር ደግሞ ወደ ታች ተኝቶ ይቀራል፣ በረዶው በሱ ላይ ይንሸራተታል፣ አፈሩንም ቦጭቆ ይዞ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ደግሞ ቤታቸው ነው። ቡርግል አንድ ቀን ድንች እየላጠች «እኔ አጭደዋለሁ» አለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ካስያን ከመስከረም ጀምሮ በታችኛው ሜዳ ላይ አስተማራት። ሲታጠፉ የእንቁራሪቷን አፍንጫ ወደ ላይ፣ ወደ ታች መቼም እንዳይሆን፤ ማጨጃው ሁልጊዜ ዝቅ ይበል፤ ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አይነሳም። ቡርግል ቶሎ ገባት፤ እጇ ከሱ እጅ ይልቅ የረጋ ነበር። በመጋቢት የገበሬዎች ማኅበር የላከው አንድ አሠልጣኝም መጥቶ ማጨጃ የሚነዱትን የመንደሩን ሴቶች አንድ ቀን አስተማረ። እርጥብ ሣር ላይ ፈጽሞ አትውጡ አላቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሂንተርባህ ግን እርጥብ ማለት ዝናብ ነው። ጤዛ ጤዛ ነው፤ ጤዛን እርጥበት ብሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ ወዳጅ ነውና። አሠልጣኙ የሜዳ አገር ሰው ስለነበር ይህንን አላወቀም፤ ሴቶቹም አልጠየቁም።

ይህንን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

እሮብ ማታ ራት ላይ ቡርግል ክኖድሉን፣ ያንን የዳቦ ድቡልቡል፣ ከሾርባው እያወጣች ሐሳቧን ነገረችው። ዓርብ ማታ ነጎድጓድ አለ ተብሏል። ስለዚህ ነገ ከግድግዳው ትጀምራለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ እንዲያገኝ። የታችኛውን በኋላ ትደርስበታለች።

ካስያን ዳቦ የሚቆርስበት እጁ ቆመ። ከታችኛው ብትጀምር ምናለ አላት። እጇ እስኪሞቅ። እሷ እጄ ሞቋል አለች። ቢያንስ ቁርስሽን በልተሽ ውጪ አላት። ቁርስ በልቼ ወጥቼ አላውቅም አለች፤ አንተስ በልተህ ታውቃለህ? እሱ ደግሞ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ያስላል፣ ትንሽ ይሙቅ ብሎ ጀመረ፣ ሳይጨርሰው ተወው።

ቡርግል ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለምን በቀጥታ አትነግረኝም?» አለች። ድምጿ አልጨመረም። «አታምነኝም። አንድ ጉድጓድ ስላመለጠኝ ሁለተኛ አታምነኝም። ልክ ነህ፣ እኔም ራሴን አላምንም። አራት ጊዜ ዞርኩት፣ ካስያን። እዚያ የወደቅክበት አካባቢ በጉልበቴ ሄድኩበት። ያ ጉድጓድ የት እንዳለ ዛሬም አላገኘሁትም።»

እሱ ክኖድሉን በሹካ ለሁለት ከፈለው፣ እሱንም ለሁለት ከፈለው። እሷ ተነስታ ላሞቹን ልታይ ወጣች።

ጎህ ሲቀድ ዓይኑን ሲከፍት ጎኑ ባዶ ነበር። ግቢው ውስጥ የእንቁራሪቷ ሞተር ተነሳ። ካስያን ሱሪውን በፒጃማው ላይ አጠለቀ፣ የቀኝ ጫማውን አገኘ፣ የግራውን ተወው። ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ከጋራዡ ወደ ግድግዳው የሚወስደው ጠባብ መንገድ በበረቱና በድንጋይ አጥሩ መሐል ነው የሚያልፈው፤ እዚያ መሐል ገብቶ ቆመ። ሰማዩ ነጥቷል፣ ፀሐይ ግን ገና ከተራራው ወዲያ ናት። የአንድ እግሩ ካልሲ ወዲያው ራሰ።

ቡርግል መጣች። ስታየው አቆመች። ቀበቶዋ ታስሯል፣ ጓንቷን አድርጋለች።

«ዞር በል፣ ካስያን። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«አጥፊው።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

አጠፋችው። ዝም ሲል የላሞቹ ሰንሰለት ተሰማ።

«ጉድጓድ አልነበረም» አላት።

እሷ በመሪው ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጤዛ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ነበር የወጣሁት። ሣሩ እንደ ሳሙና ነበር፣ ጎማው አልያዘም። ፍሬን ረገጥኩ፣ ባሰ። ጉድጓድ የለም፣ ቡርግል። አንቺ ያመለጠሽ ነገር የለም፤ አምናም የለም፣ ከዚያ በፊትም የለም።»

ቡርግል ጓንቷን አወለቀች። መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን፤ ጭኗ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ሐኪሙ ፊት ጉድጓድ አልክ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አፍሬ። አርባ ዓመት ያጨደ ሰው ጤዛ ጣለው እንዲባል አልፈለግኩም። የመጣልኝን ነው ያልኩት። ያንቺ ሥራ መሆኑን ያን ሰዓት አላሰብኩትም፣ እውነቴን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ያሰብኩት። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።»

«የሚያመኝ ሁለተኛው ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«መሸታ ቤት ምን እንደሚሉ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልካቸው?»

«ቢራዬን ጠጣሁ።»

ቀበቶዋን ፈታችና ወረደች። እሱን በጎን አልፋ ወደ በረት ገባች፤ ሳትነካው፣ ሳታየውም። ትንሽ ቆይቶ የወተት ማለቢያው ሞተር ተሰማ። ካስያን እዚያው በመንገዱ መሐል፣ በአንድ ጫማ፣ ከእንቁራሪቷ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ቀረ።

ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ወደ በረቱ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ይልቅ የግራ ጫማውን አደረገ፣ ወደ ግድግዳው ዘለቀ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እዚያ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ በመቀመጫውና በደህናው እግሩ እየገፋ በሜዳው ዳር ዳር ሽቅብ ወጣ። አንድ ክንድ፣ ዕረፍት፣ አንድ ክንድ፣ ዕረፍት። ወገቡ ድረስ ራሰ። ከሜዳው እኩሌታ ላይ ሲደርስ የእጁን ጀርባ ሣሩ ውስጥ አስገባ። ቀዝቃዛ ነው፣ ይንጠባጠባል።

እዚያ ሆኖ ጤዛ ጠበቀ። በሕይወቱ ጤዛ እስኪረግፍ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነበር። ፀሐይ በማዶው ተራራ ወርዳ መጀመሪያ የኦቲሊያን ጣሪያ ነካች፣ ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ የራሳቸውን የጭስ ማውጫ። ግድግዳው ላይ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ እጁን አስገባ፤ ላይ ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ገና ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ አስገባ። አባቴ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር ብሎ አሰበ፤ ከዚያ እሳቸው በእግራቸው እንጂ በጎማ እዚህ ወጥተው እንደማያውቁ ትዝ አለው። ይህች ትንሽ ነገር አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ትዝ ብላው አታውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ጣቶቹን እስከ ሣሩ ሥር አስገብቶ ሲያወጣቸው ደረቅ ነበሩ። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቤቱ አወዛወዘ።

ቡርግል ኩሽና በራፍ ላይ ቆማ ታየዋለች። ምን ያህል እንደቆየች አላወቀም። ወደ እንቁራሪቷ ሄደች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ሞተሩን አስነሳች። ወደ እሱ ደርሳ ሞተሩን ዝቅ አደረገችና ጠየቀችው፤ ለባዳ ሰው የሚሆን ድምፅ ነበር።

«ያልነገርከኝ ሌላ ነገር አለ?»

«አንድ አለ» አላት። «ብትንሸራተት ፍሬን አትርገጪ። እሱን ነው የተሳሳትኩት። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አቅኚና ማጨጃውን መሬት አስነኪው፤ ራሱ ይይዝሻል። መዝለል ደግሞ አታስቢ። ቀበቶው ነው ያተረፈኝ።»

«አሁን አለቀ?»

«አለቀ።»

«እንግዲያው ከመስመሬ ውጣ፤ አንተን ደግሞ አጭጄ ሌላ ስም እንዳያወጡልኝ።»

በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወጣ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ከዚያ ቡርግል ግድግዳውን አጨደች። በተዳፋቱ ወገብ፣ አግድም፣ ገመድ የተዘረጋ በሚመስል መስመር ሄደች። ጫፍ ስትደርስ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቅንታ፣ ቆማ፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ እየተመለሰች ዞረች። ቀዩ ጨርቅ ጋ ስትደርስ ማጨጃውን አንስታ ታልፋለች። ካስያን ከዳር ሆኖ ጎማዎቹን ብቻ ነበር የሚያየው። ሁለት ጊዜ አፉ ሊጮህ ተከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሷ እሱ ሊል ያሰበውን ቀድማ አደረገችው።

በላይኛው ጥግ ሦስት ጥዶች አሉ፤ ጥላቸው እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። ቡርግል እዚያ ስትቃረብ አቆመች። ወረደች። ተንበርክካ እጇን ሣሩ ውስጥ እስከ አንጓዋ ድረስ አስገባች፣ አወጣችው፣ አየችው፣ በሽርጧ ጠረገችው። ተመልሳ ወጣችና ያንን ጥግ እንዳለ ትታ ዞረች። አንድ የጠረጴዛ ጨርቅ የሚያህል ሣር ቆሞ ቀረ። በዚያ አገር ሜዳ ላይ ሣር ትቶ መሄድ በሰንበት ልብስ ላይ ቀዳዳ ትቶ እንደመሄድ ነው፤ ሸለቆው በሙሉ ያያል። ቡርግል ግን ዞራም አላየችው።

ስትጨርስ እንቁራሪቷን ከታች ለጥ ካለው ላይ አቆመች፤ ዳቦ፣ በጢስ የደረቀ ሥጋና አንድ ማሰሮ አሬራ ይዛ በእግሯ ወደ እሱ ወጣች። አጠገቡ ተቀመጠች፣ አጠገቡ ሲባል ግን በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ። የታጨደው ሣር መሽተት ጀምሯል። ሥጋውን በስሱ ቆርጣ የሱን ድርሻ ዳቦው ላይ አደረገችለት፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያላቋረጠችውን ዛሬም አላቋረጠችውም።

«ጀምር» አለችው። «ከመጀመሪያው። ከአልጋ ከተነሳህበት።»

ነገራት። ምን እንደለበሰ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ የመጀመሪያው መስመር እንዴት ደህና እንደሄደ። ስትጠይቀው ይመልሳል፣ ያላወቀውን አላውቅም ይላል። መጀመሪያ የተንሸራተተበት የት ነው ስትለው በምርኩዙ ጠቆማት። ተነስታ ሄደች። ስትፈልግበት ከከረመችበት ቦታ ሃያ እርምጃ ወደ ላይ ነበር። ቆመች፣ መሬቱን በእግሯ አሸች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ዳበሰችው። ለስላሳ ነው። ድንጋይ የለም፣ ቀዳዳ የለም። እዚያው ጎንበስ እንዳለች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካስያን ሊሄድ ምርኩዙን ያዘ፤ በዚያ ተዳፋት ላይ በሷ ፍጥነት መድረስ እንደማይችል አወቀ፤ ቁጭ አለ። ያን ዓመት ሁሉ ያላለቀሰችውን እያለቀሰች መሆኑን እያየ ቁጭ ማለት ነበረበት።

ስትመለስ ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ እጇን ዘረጋችና ሰጣት።

«ሁለታችሁም ሣሩ ላይ ናችሁ» አለች ኦቲሊያ፤ ድምጿ እስከ እሱ ይሰማል። «ሞታችኋል ወይስ ምሳ ነው?»

«ምሳ ነው» አለች ቡርግል።

«ጥሩ። ቆንጆ አድርገሽ አጭደሽዋል። ያቺን ጥግ ግን ለማን ተውሽው?»

«ለጤዛው።»

«ነገረሽ ማለት ነው» አለች አሮጊቷ። ከዚያ እሷም የምታውቀውን ያህል ተናገረች። ያን ዕለት መንሸራተቱን እንጂ ጉድጓድ አላየችም፤ ሰዓቱም ማለዳ ነበር፣ የሷ ጣሪያ እንኳ ፀሐይ አላገኘም። ይህንን መናገር ያለበት ካስያን ነው ብላ ዓመት ጠብቃለች። ቡርግል እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዘጋችው። ስልኩን መለሰችለት።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሸታ ቤት ትሄዳለህ» አለችው። «ለሁሉም ትናገራለህ። ስሜ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ይነሳ። ደግሞ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በማለዳ ነው የሚወጡት፣ እንዳንተ። ነገ አንዱ ቢሞት?»

«እናገራለሁ።»

«ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ይቅር አላልኩህም። እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም» አላት።

ማሰሮውን አቀበለችው፤ ጠጣ። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች፣ የታችኛው ሜዳ ይጠብቃታል፣ የታጨደውም መገልበጥ አለበት። ተነስታ ዳቦውን በጨርቅ ጠቀለለች። እሱ እንደ አመጣጡ በመቀመጫው ሊንፏቀቅ ሲዞር አየችው። ሱሪው ከኋላ አረንጓዴ ሆኗል።

«ተነስ፣ ያንን ሱሪ የማጥበው እኔ ነኝ» አለችውና ክንዷን ሰጠችው።

በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በአንዱ የሷን ትከሻ ይዞ ተነሳ። እሷ ከታች በኩል ሆነች፣ ቢወድቅ እሷ ላይ እንዲወድቅ። እስከ ቤት ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እሷ ግን ያንን ፈጣን እርምጃዋን አሳጠረችው፤ አንድ እሱ፣ አንድ እሷ፣ አንድ እሱ፣ አንድ እሷ፣ ግድግዳውን ቀስ ብለው ወረዱት።